የሮቶው መጠን ወይስ የሮቶው ከፍታ?
(ስለ ፈሳሽ ግፊትና ፍሰት መሠረታዊ ስሌት)

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ይዘን የቀረብነው ስለ ፈሳሾች ግፊትና ፍሰት የሚሠራውን መሠረታዊ ስሌት ነው። ርእሱን የመረጥነው ፈተና ስለደረሰ አይደለም። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት አንድ ትምህርት ቤት፣ ሰባተኛ ክፍል ፊት ቆመን ስለተሳሳትን ነው። ስሕተቱ የእኛ የሦስታችን ነው። ሆኖም ነገ ተመርቀን በየአውራጃው ስንበተን ማናችንም ልንደግመው ስለምንችል፣ ከነምክንያቱና ከነማረሚያው ብናቀርበው ይጠቅማል ብለን አምነንበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው

በትምህርት ቤቱ ግቢ 5 ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ በብረት መቆሚያ ላይ ተቀምጧል። ከሮቶው በተዘረጋ ቱቦ ውሃ የሚያገኙ ሁለት ቧንቧዎች አሉ። አንዱ ከመቆሚያው አጠገብ ነው። ሌላው ዳገቱ ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ ነው። የታችኛው ቧንቧ ደህና ይወርዳል። የላይኛው ግን ጠዋት እንደ ክር ቀጥኖ ይወርድና ረፋዱ ላይ ጭራሽ ቀጥ ይላል። ልጆቹም እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ክፍል ይገባሉ። የወላጆችና የመምህራን ኮሚቴ መላ ሲፈልግ ሰንብቶ «ሮቶው አንሷል፤ 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ይገዛ» በማለት ከየወላጁ መዋጮ መሰብሰብ ጀምሮ ነበር።

ስለ ግፊት ባስተማርንበት ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ትልቁ ሮቶ ሲመጣ የላይኛው ቧንቧ በኃይል ይወርዳል?» ስትል ጠየቀችን። እኛም ተያየንና፣ «አዎ፤ ውሃው ሲበዛ ክብደቱ ይበዛል፤ ክብደቱ ሲበዛ ግፊቱ ይበዛል» አልናት። ሰሌዳው ላይም ጻፍነው። ልጆቹም በደብተራቸው ገለበጡት።

ማታ የነገውን የትምህርት ዕቅድ ስናዘጋጅ ከመካከላችን አንዱ የግፊትን ቀመር ጽፎ ዝም ብሎ ያየው ጀመር። ምን ሆንክ ብንለው፣ «እስቲ እዩት፤ ሊትር የታለ?» አለን። አየነው። እውነትም በቀመሩ ውስጥ ሊትር የሚባል ነገር የለም! የነገርናት መልስ ከራሳችን ግምት እንጂ ከተማርነው ትምህርት የመጣ አልነበረም። ነገሩ የክፍል ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ አርሞ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን የወላጅ ገንዘብ እየተሰበሰበበት ነው። ስለዚህ ከመሠረቱ ጀምረን እንደገና ልናሰላው ተስማማን።

ሀ) ግፊት የሚጠይቀው ምንድን ነው?

ግፊት ማለት በአንድ በተወሰነ ስፋት ላይ የሚያርፍ ጉልበት ማለት ነው።

ግፊት = ጉልበት ÷ ስፋት

ጉልበት በኒውተን፣ ስፋት በሜትር ካሬ ሲለካ ግፊት በፓስካል ይለካል። ይህ መለኪያ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ሊቅ ከብሌዝ ፓስካል (እ.ኤ.አ. ከ1623 እስከ 1662) ነው።

አሁን ግርጌው 1 ሜትር ካሬ የሆነ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ሣጥን እናስብና እስከ 3 ሜትር ከፍታ ውሃ እንሙላበት። የውሃው ይዘት 1 × 3 = 3 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ስለሆነ መጠነ ቁሱ 3,000 ኪሎ ግራም ነው። መሬት እያንዳንዱን ኪሎ ግራም በ9.8 ኒውተን ያህል ትስባለች። ለሒሳብ እንዲቀልለን 10 እንበለው። ስለዚህ ግርጌው ላይ የሚያርፈው ጉልበት 3,000 × 10 = 30,000 ኒውተን ነው። ለ1 ሜትር ካሬ ሲካፈል ግፊቱ 30,000 ፓስካል ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ ሣጥኑን እናስፋው። ግርጌው 2 ሜትር ካሬ ይሁን፤ የውሃው ከፍታ እዚያው 3 ሜትር ላይ ይቆይ። ይዘቱ 6 ሜትር ኩብ፣ መጠነ ቁሱ 6,000 ኪሎ ግራም፣ ጉልበቱ 60,000 ኒውተን ይሆናል። ይህ ለ2 ሜትር ካሬ ሲካፈል ስንት መጣ? አሁንም 30,000 ፓስካል ነው! ክብደቱ በእጥፍ አደገ፤ ክብደቱን የሚሸከመው ስፋትም በእጥፍ አደገ። ግፊቱ ግን ንቅንቅ አላለም። እኛ ክፍል ውስጥ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው፤ ክብደቱን አይተን ስፋቱን ረሳን።

ከዚህ የምናገኘው ቀመር የሚከተለው ነው።

ግፊት = እፍግታ × የስበት ቁጥር × ጥልቀት

እፍግታ ማለት አንድ ሜትር ኩብ የሚመዝነው ኪሎ ግራም ነው። ለውሃ 1,000 ነው። የስበት ቁጥሩ 10 ነው። እንግዲህ ለውሃ የሚቀረው ተለዋዋጭ ነገር ጥልቀት ብቻ ነው። በአጭሩ፣ ውሃ አንድ ሜትር በጠለቀ ቁጥር ግፊቱ በ10,000 ፓስካል ይጨምራል። የከባቢ አየር ግፊትስ የት ገባ የሚል ጠያቂ ቢኖር፣ አየሩ በሮቶው ውስጥ ባለው ውሃ ላይም፣ በቧንቧው አፍ ላይም በእኩል ስለሚጫን ለዚህ ስሌት ይጣፋል።

ይህን ለማመን የሚከብደው ካለ በጣም ትልቅና በጣም ትንሽ ነገር እናነጻጽር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 145 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ከሐይቁ ወለል 100 ሜትር ዝቅ ብሎ የውሃው ግፊት 1,000 × 10 × 100 = 1,000,000 ፓስካል ነው። አሁን ደግሞ የአፉ ስፋት 1 ሴንቲ ሜትር ካሬ (0.0001 ሜትር ካሬ) የሆነ ቀጭን ቱቦ 100 ሜትር ወደ ላይ አቁመን ውሃ እንሙላው። የሚይዘው 0.0001 × 100 = 0.01 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 10 ሊትር ብቻ ነው። አንድ ባልዲ ውሃ መሆኑ ነው። በግርጌው ያለው ግፊት ግን ያው 1,000,000 ፓስካል ነው።

ታዲያ የሐይቁና የባልዲው ልዩነት ምንድን ነው? ከግርጌ ብንከፍተው ቱቦው ወዲያው ያልቃል፤ ሐይቁ ግን ይቀጥላል። በተጨማሪም ሐይቁ የሚገፋው ግድግዳ እጅግ ሰፊ ስለሆነ በግድቡ ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ጉልበት እጅግ ከፍተኛ ነው። ግፊትና ጉልበት ግን አንድ አይደሉም። ስለዚህ በደብተራችን ላይ ከሥሩ ያሰመርንበት ነጥብ ይህ ነው፤ የውሃ ብዛት የሚወስነው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚፈስ ሲሆን፣ በምን ያህል ግፊት እንደሚፈስ የሚወስነው ከፍታ ነው።

ለ) ወደ ሮቶው እንመለስ

በማግስቱ ሜትር ይዘን ወደ ግቢው ሄድን። የሁለቱን ቧንቧዎች የከፍታ ልዩነት ለማወቅ ግንበኞች እንደሚያደርጉት ብርሃን የሚያሳልፍ ረጅም ጎማ በውሃ ሞልተን ተጠቀምን። በጎማው ሁለት ጫፍ ያለው ውሃ ምንጊዜም እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም፣ ዳገትም ቢሆን ልኩን አይስትም። የግቢው ጥበቃ፣ አባባ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ፣ አንዱን ጫፍ ያዙልን። ያገኘነው ልክ የሚከተለው ነው። ከፍታው ሁሉ የተለካው ከመቆሚያው ግርጌ ተነሥቶ ነው።

1. የሮቶው የውስጥ ዲያሜትር፦ 2 ሜትር
2. ሮቶው ሲሞላ የውሃው ጥልቀት፦ 1.6 ሜትር
3. የመቆሚያው ቁመት፦ 2 ሜትር
4. የታችኛው ቧንቧ አፍ ከፍታ፦ 0.6 ሜትር
5. የላይኛው ቧንቧ አፍ ከፍታ፦ 2.6 ሜትር

አንደኛ ስሌት፤ ሮቶው በእርግጥ 5 ሺህ ሊትር ይይዛል ወይ? የክብ ስፋት 3.14 × ራዲየስ × ራዲየስ ነው። ዲያሜትሩ 2 ከሆነ ራዲየሱ 1 ነው። ስፋቱ 3.14 ሜትር ካሬ፣ ይዘቱ 3.14 × 1.6 = 5.02 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 5 ሺህ ሊትር ያህል ነው። ልካችን ደህና ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ ስሌት፤ የየቧንቧው ግፊት። ሮቶው ሲሞላ የውሃው ወለል 2 + 1.6 = 3.6 ሜትር ላይ ነው። ከታችኛው ቧንቧ በላይ ያለው ከፍታ 3.6 − 0.6 = 3 ሜትር፣ ግፊቱም 30,000 ፓስካል ይሆናል። ከላይኛው ቧንቧ በላይ ያለው ግን 3.6 − 2.6 = 1 ሜትር ብቻ ሲሆን ግፊቱ 10,000 ፓስካል ነው። ሮቶው አፉ ድረስ ሞልቶም እንኳ የላይኛው ቧንቧ የሚደርሰው ግፊት የታችኛው ሲሶ ነው።

ሦስተኛ ስሌት፤ ረፋዱ ላይ ለምን ይቆማል? የሮቶው ወለል 2 ሜትር ላይ ነው፤ የላይኛው ቧንቧ አፍ 2.6 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ በሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ 0.6 ሜትር ሲወርድ ውሃውና ቧንቧው እኩል ይሆናሉ። እኩል ከሆኑ ደግሞ የሚገፋ የለም። በዚያን ጊዜ ሮቶው ውስጥ 3.14 × 0.6 = 1.884 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 1,900 ሊትር ያህል ውሃ ተኝቷል! ሰው ሁሉ «ሮቶው አለቀ» ሲል ከሲሶው በላይ ውሃ ነበረበት። ይህን ለአባባ ብንነግራቸው፣ «እኔ እኮ ልጆቼ፣ ከታች ስቀዳ አለ፤ ከላይ የለም። ቱቦው የተደፈነ መስሎኝ ስንቴ በዱላ ደበደብኩት!» ብለው አሳቁን።

አራተኛ ስሌት፤ ሊገዛ የታሰበው ትልቁ ሮቶ በዚያው መቆሚያ ላይ ቢቀመጥስ? ዲያሜትሩን 2.5 ሜትር ብለን እንውሰድ። ራዲየሱ 1.25፣ ስፋቱ 3.14 × 1.25 × 1.25 = 4.9 ሜትር ካሬ ያህል ነው። 10 ሜትር ኩብ ለ4.9 ሲካፈል የውሃው ጥልቀት 2.04 ሜትር ይሆናል። ከላይኛው ቧንቧ በላይ የሚኖረው ከፍታ 2 + 2.04 − 2.6 = 1.44 ሜትር ነው። ግፊቱ ከ10,000 ወደ 14,400 ፓስካል ብቻ ከፍ አለ። ያውም ሮቶው ስለሰፋ አይደለም፤ ትንሽ ስለረዘመ ነው። ወለሉ ግን ያው 2 ሜትር ላይ ስለሆነ ቧንቧው አሁንም 0.6 ሜትር ውሃ ሲቀር ይቆማል። ያን ጊዜ ተኝቶ የሚቀረው 4.9 × 0.6 = 2.94 ሜትር ኩብ፣ ወደ 2,900 ሊትር ነው። ለላይኛው ቧንቧ የማይወጣው ውሃ ጨመረ ማለት ነው!

በርግጥ ትልቁ ሮቶ ጥቅም የለውም አንልም። የከተማው ውሃ ለቀናት ሲጠፋ ብዙ ያጠራቅማል። ችግሩ የውሃ መጥፋት ከሆነ መልሱ ትልቅ ሮቶ ነው። ችግሩ የውሃ መድከም ከሆነ ግን መልሱ ሌላ ነው።

አምስተኛ ስሌት፤ ያለው ሮቶ ሳይቀየር መቆሚያው በ1 ሜትር ቢነሣስ? የውሃው ወለል 4.6 ሜትር ላይ ይሆናል። ከላይኛው ቧንቧ በላይ 4.6 − 2.6 = 2 ሜትር፣ ግፊቱም 20,000 ፓስካል፣ ልክ እጥፍ ሆነ። የሮቶው ወለል 3 ሜትር ላይ ስለሚሆን ከቧንቧው በላይ ነው። ተኝቶ የሚቀር ውሃ የለም፤ 5 ሺው ሊትር በሙሉ ወደ ላይኛው ቧንቧ ሊወርድ ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አንደኛ፣ የሞላ ሮቶ ውሃው ብቻ 5,000 ኪሎ ግራም፣ ማለትም አምስት ቶን ነው። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አምስት ቶን ከፍ አድርጎ መስቀል ቀልድ አይደለምና መቆሚያውን ሙያ ያለው ሰው ሊሠራው ይገባል። ሁለተኛ፣ ሮቶውን የሚሞላው የከተማው መስመር እዚያ ድረስ መውጣት መቻል አለበት። የመሙያው አፍ አሁን 3.7 ሜትር ላይ ስለሆነ ወደ 4.7 ሜትር ይወጣል። ይህም ቢያንስ 47,000 ፓስካል ይፈልጋል። አባባ ሌሊት መስመሩ ሲመጣ ጎማ በረጅም አጣና ጫፍ አስረው 5 ሜትር ያህል አነሡትና ውሃው ከጫፉ ሲፈስ አዩ። ስሌታችንን በአጣና አረጋገጡልን።

ሐ) ግፊት ካለ ፍሰቱስ?

ልጆቹ እጃቸውን የሚታጠቡት በግፊት ሳይሆን በሚወርደው ውሃ ነው። ስለዚህ ግፊቱን አውቀን ብንቆም ግማሽ መንገድ ላይ ቀረን ማለት ነው። ፍሰት ማለት በአንድ ሴኮንድ የሚወርደው የውሃ ይዘት ነው።

ፍሰት = የአፍ ስፋት × የውሃው ፍጥነት

ፍጥነቱን ለማግኘት የጣሊያናዊውን የኢቫንጄሊስታ ቶሪቼሊን (እ.ኤ.አ. ከ1608 እስከ 1647) ሕግ ወሰድን። ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው ሥራው፣ ከዕቃ ጎን በተከፈተ ቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ከዚያው ከፍታ የወደቀ ድንጋይ የሚኖረው ፍጥነት እንዳለው አስረዳ። በቀመር ሲጻፍ፣ ፍጥነት = የ(2 × የስበት ቁጥር × ከፍታ) ዳግም ዘር ነው። ለታችኛው ቧንቧ 2 × 10 × 3 = 60፤ የ60 ዳግም ዘር 7.75 ነው። ፍጥነቱ በሴኮንድ 7.75 ሜትር ሆነ።

ቱቦው ግማሽ ኢንች የሚባለው ነው። የውስጥ ዲያሜትሩ 1.5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አገኘነው። ቸኩለን 3.14 × 0.015 × 0.015 = 0.0007 ሜትር ካሬ ብለን ጻፍን። በ7.75 ሲባዛ በሴኮንድ 5.5 ሊትር ያህል መጣ። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ከአራት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይሞላል ማለት ነው! እንዲህ ያለ ቧንቧ በየትኛው አገር አለ? ተመልሰን ብናይ ለካ ዲያሜትሩን በራዲየሱ ቦታ አስገብተነዋል። ራዲየስ በራሱ ስለሚባዛ፣ በእጥፍ መሳሳት በመጨረሻ በአራት እጥፍ መሳሳት ይሆናል። ትክክለኛው ራዲየስ 0.0075 ሜትር፣ ስፋቱ 0.000177 ሜትር ካሬ፣ ፍሰቱ በሴኮንድ 0.00137 ሜትር ኩብ ወይም 1.37 ሊትር ነው። ጀሪካኑ በ15 ሴኮንድ ገደማ ይሞላል።

ደስ ብሎን ጀሪካንና ሰዓት ይዘን ወረድን። ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ከፍተን ስንለካ ጀሪካኑ የሞላው በ60 ሴኮንድ ነው። ሦስት ጊዜ ሞከርነው፤ ያው ነው። ስሌቱ 15፣ ጀሪካኑ 60! አሁንስ ማን ተሳሳተ?

ማንም አልተሳሳተም። ቶሪቼሊ የተናገረው በዕቃው ጎን ላይ ስለተከፈተ ቀዳዳ ነው። የእኛ ውሃ ግን 6 ሜትር ያህል ጠባብ ቱቦ፣ ክርኖችንና መክፈቻውን አልፎ ነው የሚመጣው። በየመንገዱ ከቱቦው ግድግዳ ጋር በሰበቃ ይታገላል። የተለካውን ፍሰት ወስደን ወደ ኋላ ብናሰላ፣ 20 ሊትር በ60 ሴኮንድ ማለት በሴኮንድ 0.33 ሊትር ነው። ለ0.000177 ሲካፈል ፍጥነቱ 1.88 ሜትር በሴኮንድ ይመጣል። ይህን ፍጥነት ለማግኘት የሚበቃው ከፍታ (1.88 × 1.88) ÷ 20 = 0.18 ሜትር ብቻ ነው። ከ3 ሜትሩ 18 ሴንቲ ሜትሩ ወደ ፍጥነት ተለወጠ፤ ቀሪውን 2.82 ሜትር ሰበቃ በላው። እንግዲህ ከቶሪቼሊ የሚገኘው ቁጥር ጣሪያው ነው። ቧንቧው ከዚያ በታች እንጂ ከዚያ በላይ አይሰጥም።

የላይኛው ቧንቧ ደግሞ 40 ሜትር ያህል ቱቦ አለው። ሮቶው ሞልቶ እያለ ጀሪካኑ የሞላው በ250 ሴኮንድ ነው። በሴኮንድ 0.08 ሊትር ማለት ነው። በ15 ደቂቃ ዕረፍት፣ ማለትም በ900 ሴኮንድ፣ 72 ሊትር ይወርዳል። አንድ ልጅ እጁን ለመታጠብ ግማሽ ሊትር ቢፈልግ 144 ልጅ ይታጠባል። በፈረቃው የሚማሩት ልጆች ግን ከ400 አያንሱም። ይህን ቁጥር ባገኘን ጊዜ ነው ስሌቱ የደብተር ጉዳይ አለመሆኑ የገባን።

ታዲያ መቆሚያው በ1 ሜትር ቢነሣ ፍሰቱ እጥፍ ይሆናል? አይሆንም። ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ውሃው ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ ሰበቃውም ይበዛል። ሰበቃ በግምት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ ፍሰቱ የሚያድገው በ2 ዳግም ዘር፣ በ1.4 ያህል ነው። 0.08 × 1.4 = 0.11 ሊትር በሴኮንድ ይሆናል። በ15 ደቂቃ 100 ሊትር ያህል፣ 200 ልጅ ማለት ነው። መሻሻል ነው፤ ግን አይበቃም።

ሌላው መፍትሔ ቱቦውን ማስፋት ነው። ውሃ ስለማይታመቅ በአንድ በኩል የገባው ሁሉ በሌላው በኩል ይወጣል። ስለዚህ ቱቦው ሲሰፋ ያው ውሃ ቀስ ብሎ ያልፋል። በአሁኑ ቱቦ የላይኛው ውሃ ፍጥነት 0.00008 ÷ 0.000177 = 0.45 ሜትር በሴኮንድ ነው። ዲያሜትሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቱቦ (ስፋቱ 0.00049 ሜትር ካሬ) ያው ፍሰት ቢያልፍ 0.00008 ÷ 0.00049 = 0.16 ሜትር በሴኮንድ ይሆናል። ፍጥነቱ ወደ ሲሶ ገደማ ሲወርድ ሰበቃው ከሰባት እጅ ወደ አንድ እጅ በታች ይወርዳል። የተረፈው ግፊት ተጨማሪ ውሃ ይገፋል። በከፍታ፣ በግፊትና በፍጥነት መካከል ያለውን ይህን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1738 «ሃይድሮዳይናሚካ» በተባለው መጽሐፉ አስፍቶ የመረመረው ዳንኤል በርኑሊ ነው።

መ) ክፍል ፊት መመለስ

እውነቱን ለመናገር ከስሌቱ ሁሉ የከበደን ይህ ነበር። ከመካከላችን «ዝም ብለን አዲሱን ብናስተምር ማን ያስታውሰዋል?» ያለም ነበር። ነገር ግን በሃምሳ ደብተር ላይ ተጽፏል። በመጨረሻ ክፍል ገብተን ያን ዓረፍተ ነገር እንደገና ሰሌዳው ላይ ጻፍነውና በላዩ ላይ መስመር ሰረዝንበት። «ባለፈው የነገርናችሁ ስሕተት ነው። የተሳሳትነው እኛ ነን። እናንተም ሰርዙት» አልናቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከዚያም በሙከራ አሳየናቸው። አንድ ሰፊ ጀሪካንና አንድ ጠባብ ሃይላንድ ወስደን በሁለቱም ላይ ከግርጌ እኩል ከፍታ ላይ በአንድ ሚስማር ቀዳዳ አበጀን። ክዳናቸውን ከፍተን፣ እኩል ከፍታ ድረስ ውሃ ሞልተን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ቀዳዳዎቹን በአንድ ጊዜ ለቀቅን። ውሃው መጀመሪያ ላይ ከሁለቱም እኩል ርቀት ሄዶ ወደቀ። የሃይላንዱ ቶሎ ደከመ፤ የጀሪካኑ ቆየ። ያቺ ተማሪ ተነሥታ፣ «ስለዚህ ቲቸር፣ ሮቶው መስፋት ሳይሆን ከፍ ማለት ነው ያለበት?» አለች። እኛ ሁለት ሌሊት የፈጀብንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

ስሌቱን በአንድ ገጽ ጽፈን በርእሰ መምህሩ በኩል ለኮሚቴው አቀረብን። ኮሚቴውም ሮቶውን ከመግዛቱ በፊት መቆሚያውን የማንሣትና ቱቦውን የመለወጥ ዋጋ በባለሙያ እንዲገመት ወስኗል። የሚሻለውን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። የእኛ ድርሻ ቁጥሩን በትክክል ማቅረብ ነበር።

ሠ) ለዕጩ መምህራን ጓደኞቻችን

1. ቀመር ከመጻፍ በፊት ሥዕል ሣሉ፤ ከፍታው ከየት እስከ የት እንደሚለካ ምልክት አድርጉ።
2. ልኮችን ሁሉ አስቀድማችሁ ወደ ሜትር፣ ኪሎ ግራምና ሴኮንድ ለውጡ። 1 ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር መሆኑን አትርሱ።
3. የተሰጠው ዲያሜትር ነው ወይስ ራዲየስ? ሁለቴ እዩ።
4. መልሱ ሲመጣ «እውነት ይመስላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በአራት ሴኮንድ የሚሞላ ጀሪካን የለም።
5. የሚቻል ከሆነ በጀሪካንና በሰዓት አረጋግጡ። ልዩነት ሲኖር ቁጥሩን አትደብቁ፤ ምክንያቱን ፈልጉ።

መልመጃ

1. በባሕር ወለል ከፍታ የአየር ግፊት 101,300 ፓስካል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ 76,000 ፓስካል ያህል ነው። በመምጠጥ የሚሠራ ፓምፕ ውሃን የሚያወጣው የአየር ግፊት ከታች ስለሚገፋው ነው። በሁለቱ ቦታዎች ቢበዛ ከስንት ሜትር ሊያወጣ ይችላል?
2. በርሜል ውስጥ 0.85 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ አለ። በግርጌው ግፊቱ ስንት ነው? ውሃው ወጥቶ እፍግታው 800 የሆነ ላምባ ቢገባበትስ?
3. 20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሴኮንድ ሞላ። የቧንቧው አፍ ስፋት 2 ሴንቲ ሜትር ካሬ ከሆነ የውሃው ፍጥነት ስንት ነው?

መልስ (ሳትሞክሩ አትዩ)፦ 1ኛ. 10.1 ሜትርና 7.6 ሜትር፤ በተግባር ከዚህም ያንሳል። ደጋ አገር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ከላይ የሚመጥ ፓምፕ የሚገዛ ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። 2ኛ. 8,500 ፓስካልና 6,800 ፓስካል። 3ኛ. 2.5 ሜትር በሴኮንድ።

ስሕተት ያገኘብን አንባቢ ቢኖር ጽፎ ከጋዜጣው ሥር ባለው ሣጥን ይጨምርልን። ሰሌዳ ላይ አንድ ጊዜ ሰርዘናል፤ እዚህም ለመሰረዝ አናፍርም። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።